ደጋፊ ያጣው የውሳኔ ሐሳብ

ኢዞላ ግሪየር ጸጉር ሠሪ ነበረች። ሎንግ ቦተም ውስጥ ከእሷ ቤት የበለጠ ወሬ የሚፈስበት ቦታ አልነበረም፤ ቤተ ክርስቲያኑም ቢሆን የሚሞላው እሑድ ብቻ ነው። የቤቷን የፊት ክፍል ጸጉር ቤት አድርጋው ሁለት ወንበር፣ አንድ ትልቅ መስተዋትና ከሞንትጎመሪ ከተማ በአውቶቡስ አስጭና ያስመጣችው አንድ ካስክ የሚባል የጸጉር ማድረቂያ አስቀምጣበታለች። ሐሙስ፣ ዓርብና ቅዳሜ የሰፈሩ ሴቶች በሙሉ በእጇ ያልፋሉ። ማን እንዳረገዘች፣ የማን ባል ዲትሮይት ሄዶ እንደቀረ፣ የትኛው ዲያቆን ስብከት መሃል እንዳንኮራፋ ከእሷ የሚሰወር አልነበረም። እሷ ግን ስትሰማ እንጂ ስታወራ አትታወቅም። የጸጉር መያዣውን በጥርሷ ነክሳ «እህ» ትላለች፤ መልሷ እሱ ነው።

አገሩ አላባማ፣ አውራጃው ዊልደር ነው። እንደ አገሩ አቆጣጠር በ1962 በዊልደር ከሚኖረው ከአሥር ሰው ሰባቱ ጥቁር ነበር። በመራጮች መዝገብ ላይ የሰፈረው ጥቁር ግን አሥራ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ከአሥራ አንዱም ሁለቱ ሞተዋል። ሕዝቡ ሰንፎ አይደለም። አስተማሪውን የሚቀጥረው የነጮቹ ቦርድ ነው፤ ስሙን ለማስመዝገብ ፍርድ ቤት በታየ በማግስቱ የክፍሉን ቁልፍ ይቀበሉታል። ገበሬው የሚያርሰው የሰው መሬት ስለሆነ ጓዙን ጠቅልሎ መንገድ ላይ ይወድቃል። የቤት ሠራተኛዋማ ነገሯ አይነሳ።

አንድ ቀን ፓስተር ሂሊያርድ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ጸጉር ቤቱ በር ላይ ቆሙ። ወንድ ወደዚያ ቤት አይገባም፤ ሴቶቹ በቢጎዲን ተጠቅልለው እንዳሉ ወደ በሩ ዞሩ።

«እህት ኢዞላ፣ አስቤ አስቤ የደረስኩበት ነገር ቢኖር እርስዎን ከሥራ ሊያባርር የሚችል ነጭ የለም» አሏት።

«ይሄ ሙገሳ ነው ማስፈራሪያ?»

«እውነት ነው። ደንበኞችዎ የእኛው ሴቶች ናቸው። ቤቱን ኤልሞር በገዛ እጁ ነው የሠራው። ቀድሞ የሚሄድ ሰው ከተፈለገ…»

«ገባኝ» አለች ኢዞላ፣ ማበጠሪያውን ከእሳቱ ላይ እያነሳች። «አሁን በሩን ይዝጉልኝ፣ ብርድ እየገባ ነው።»

ፓስተሩ እምቢ ያለቻቸው መስሏቸው አዝነው ሄዱ። እሷ ግን በማግስቱ የእሑድ ልብሷን ለብሳ ሰባት ማይል በጭቃ ተጉዛ ዊሎው ፎርድ ከተማ፣ የፍርድ ቤቱ ደረጃ ላይ ነበረች።

መዝጋቢው ሚስተር ክሮሊ የሚባል፣ ሁልጊዜ ጉንፋን የያዘው የሚመስል ሰው ነው።

«አንቺ ኢዞላ፣ የማን ቤት ሠራተኛ ነሽ?» አላት።

«የራሴ።»

አራት ገጽ ቅጽ ሰጣት፤ ሞላች። ከዚያ ከክፍለ ግዛቱ ሕገ መንግሥት አንድ አንቀጽ አውጥቶ አንብቢው አላት፤ ሳትደናቀፍ አነበበች።

«ትርጉሙን አታውቂውም» አላት።

«ገና ምን ተናገርኩና!»

«አውቃለሁ» ብሎ አፍንጫውን ተናፈጠ፤ ወረቀቷንም ወደ ጎን አደረገው።

በሁለት ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ ተመላለሰች፤ አራቱንም ጊዜ ወደቀች። ግን በሄደች ቁጥር የቅጹን አንድ አንድ ገጽ በቃሏ ይዛ እየተመለሰች ማታ ማታ ደብተር ላይ ትገለብጠው ነበር። በአራተኛው ቅጹ ሙሉ በሙሉ ቤቷ ገባ። ከዚያ በኋላ ነው ጸጉር ቤቱ ትምህርት ቤት የሆነው። አንዲት ሴት ካስክ ውስጥ ከገባች አርባ ደቂቃ አትነሳም፤ የትም አትሄድም። ኢዞላ ደብተሩን ጭኗ ላይ ታስቀምጥላትና መጠየቅ ትጀምራለች።

የልብ ጓደኛዋ ቨርዴል ሳይክስ ካስኩ ውስጥ ሆና «የዳኛው የሥራ ዘመን ስድስት ዓመት ነው!» ብላ ስትጮህ መስተዋቱ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«አትጩሂ! የማትሰሚው አንቺ ነሽ እንጂ እኔማ እሰማለሁ» ትላታለች ኢዞላ።

«ምን አልሽ?»

«ምንም! ቀጥይ!»

ከተማሪዎቹ ሁሉ ፈሪዋ ሮዜታ ማብሪ ነበረች፤ የሦስተኛ ክፍል አስተማሪ፣ ቀጭን፣ ድምፅዋ የማይሰማ ወጣት። በጓሮ በር ነው የምትገባው። «ሚስ ኢዞላ፣ እኔ የመጣሁት ጸጉሬን ለመሠራት ብቻ ነው» ትላለች ገና ሳትቀመጥ። ኢዞላም «ሌላ ምን ይሠራል እዚህ ቤት?» ብላ ቅጹን የመዝሙር መጽሐፍ ውስጥ ከታ ትሰጣታለች። ሮዜታ ከሁሉም ቀድማ አጠናቀቀችው፤ ፍርድ ቤቱ ደጃፍ ግን ድርሽ አላለችም። ኢዞላ አንድም ቀን «ለምን?» ብላ አልጠየቀቻትም።

ነገሩ ተሰውሮ አልቀረም። የጸጉር ቤቱ መስኮት ሁለት ጊዜ በድንጋይ ተሰበረ። ባሏ ኤልሞር አሥራ ሰባት ዓመት ከሠራበት የእንጨት መሰንጠቂያ ተባረረ። ያን ቀን ቤት ገብቶ ምሳ ዕቃውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ኢዞላ አጠገቡ ቆመች።

«ሚስትህን ዝም አሰኛት አሉኝ» አለ።

«አንተስ ምን አልክ?»

«አሥራ ሰባት ዓመት ሞክሬ አልሆነልኝም አልኳቸው።»

ኢዞላ መሳቅ ስትጀምር እንባዋም አብሮ መጣ። ኤልሞር ለአንድ ሳምንት ከቤት ሳይወጣ ከረመ፤ ከዚያ ለመስኮቱ ወፍራም የጣውላ መዝጊያ ሠራለትና አሮጌ ፒክአፑን አስነስቶ እንጨት ማመላለስ ጀመረ።

በ1965 በቀለም ሰበብ መራጭን መመለስ የሚከለክለው አዲሱ የምርጫ ሕግ ወጣ፤ መዝጋቢዎች ከዋሽንግተን መጥተው ፖስታ ቤቱ ምድር ቤት ውስጥ ጠረጴዛ ዘረጉ። ሰልፉ ፖስታ ቤቱን ዞሮ እስከ ጥጥ መዳመጫው ደረሰ። ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ሽማግሌዎች ወንበር ይዘው መጥተው ነበር። ኢዞላ ስሟን ስትፈርም ያ የለመደችው ጥያቄ ይመጣል ብላ ተዘጋጅታ ነበር፤ መዝጋቢው ግን ስምና አድራሻዋን ብቻ ጠይቆ «አመሰግናለሁ፣ ቀጣይ» አላት። ውጭ ወጥታ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። በዚህ ብቻ ማለቁ አናደዳት። ለሁለት ዓመት በቃሏ የያዘችውን ሁሉ ማን ይጠይቃት?

ሮዜታ ማብሪ የመጣችው በመጨረሻው ቀን፣ ትልቅ ባርኔጣና ጥቁር መነጽር አድርጋ ነው። ቨርዴል አየቻት። «ሚስ ማብሪ፣ መነጽሩ አምሮብሻል፤ ግን ተማሪዎችሽ ሁሉ በጫማሽ አውቀውሻል!» አለቻት። ሰልፈኛው ሳቀ፤ ሮዜታም መነጽሩን አውልቃ አብራ ሳቀች፣ ፈረመችም።

ከዚያ በኋላ ኢዞላ ሥራዬ አለቀ ብላ ነበር። መርጣለች፣ አስመርጣለች፤ ሐሙስ፣ ዓርብና ቅዳሜ ጸጉር ትሠራለች። ለሹመት መወዳደር በሐሳቧም አልነበረ። ወደዚያ የወሰዳት መንገዱ ነው።

ሎንግ ቦተም ከወንዙ ዳር ዝቅ ብሎ የተኛ ሰፈር ነው። ከዊሎው ፎርድ የሚወስደው ሰባት ማይል መንገድ የነጮቹ ሰፈር እስከሚያልቅ ድረስ አስፋልት፣ ከዚያ ወዲህ ጭቃ ነበር። ዝናቡ ሲበረታ ተርኪ የሚባለው ወንዝ ይሞላና ሰፈሩን ለሁለት ይቆርጠዋል። በ1971 መጋቢት ላይ ቨርዴል ከወንዙ ማዶ፣ ቤቷ ውስጥ ከኢዞላ ጋር ልብስ ስታጥፍ ወደቀች፤ ግማሽ ጎኗ አልታዘዝ አላት። አምቡላንሱ ተጠርቶ መጣ፤ ወንዙ ጋ ሲደርስ ግን ጎማው እስከ መሃሉ ሰጠመ። ሹፌሩ ከማዶ ሆኖ እጁን ያወናጭፋል። ስድስት ወንዶች የቨርዴልን ቤት በር ከነማጠፊያው ነቅለው እሷን በላዩ አስተኝተው፣ ውኃው እስከ ደረታቸው እየደረሰ ተሻገሩ። ኢዞላ የጓደኛዋን ጫማ በእጇ ይዛ ከኋላ ተከተለች። ጫማውን ለምን እንደያዘችው ኋላም አላወቀችም።

ቨርዴል አልሞተችም። አፏ ወደ ጎን ተጣሞ፣ ግራ እጇ ሞቶ፣ በምርኩዝ ተመለሰች። ምላሷ ግን ደህና ነበር።

«ስድስት ወንድ ተሸክሞኝ፣ ራሴን ስቼ ሳላየው ቀረሁ!» እያለች ታለቅሳለች ትስቃለች። አንድ ቅዳሜ ጸጉሯን እያስታጠበች ግን ቀልዱን ተወችና የኢዞላን እጅ ጨበጠች። «ሐኪሙ አንድ ሰዓት ቀደም ብለሽ ብትመጪ ኖሮ እጅሽ ይተርፍ ነበር አለኝ። አንድ ሰዓት። አንቺ ሴትዮ፣ ያን መንገድ የሚያሠሩት አምስት ሰዎች ናቸው፤ አምስቱም ምክር ቤት ተቀምጠዋል። ለምን አንዱ አንቺ አትሆኚም?»

«እህ» አለች ኢዞላ።

«‹እህ› መልስ አይደለም!»

በ1972 ተወዳደረች፤ ተሸነፈች። ምርጫ ጣቢያው በዋዜማው ዘጠኝ ማይል ርቆ ወዳለ መጋዘን ተዛውሮ ነበርና ሰው የድሮውን ጣቢያ ደጅ ሲያንኳኳ ዋለ። በ1976 እንደገና ቀረበች። አሁን ኤልሞርና ሌሎች አሥራ አራት ሰዎች መኪኖቻቸውን አሰልፈው ሲጠብቁ አደሩ፤ ጣቢያው ወዴትም ቢዛወር ተከትለው ሕዝቡን ለማድረስ። ጣቢያው አልተዛወረም። ኢዞላ ግሪየር በአሥራ ዘጠኝ ድምፅ ብልጫ አሸነፈች፤ በዊልደር አውራጃ ምክር ቤት የተቀመጠች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሰው ሆነች። ቤተ ክርስቲያኑ በዚያ እሑድ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተጀምሮ እስኪመሽ አልተፈታም፤ የተጠበሰ አሳው፣ ጎመኑና የበቆሎ ዳቦው በየጠረጴዛው ተዘርግቶ ሽማግሌ ከሕፃን ጋር ሲጨፍር ዋለ።

የምክር ቤቱ ሰብሳቢ ሮይስ ሃዳዌይ ይባላል። ድምፅ የሚሰጡት ሌሎቹ አራቱ ናቸው፤ እሱ የሚሰጠው እኩል ሲሆን ብቻ ነው። ከአራቱ አንዱ የትራክተር ነጋዴ፣ አንዱ የሃዳዌይ አማች፣ አንዱ ደግሞ ከአውራጃው ሰሜን በኩል የመጣ አልተን ቲድሞር የሚባል፣ ቃል የማይወጣው ላም አርቢ ነው። አራተኛዋ ኢዞላ ናት።

በመጀመሪያው ሰኞ ተራዋን ጠብቃ ተነሳች። «የሎንግ ቦተም መንገድ አስፋልት እንዲሆንና ተርኪ ላይ ድልድይ እንዲሠራ የውሳኔ ሐሳብ አቀርባለሁ» አለች። ሌሊቱን ስትለማመደው ነው ያደረችው።

«ደጋፊ አለ?» አለ ሃዳዌይ።

የግድግዳው ሰዓት ብቻ ይሰማል። ነጋዴው ጥፍሩን ያያል፤ ቲድሞር ባርኔጣውን ያያል።

«ደጋፊ ስለሌለ ሐሳቡ ወድቋል። ቀጣይ።»

ደንቡ እንዲህ ነው፤ ደጋፊ ያላገኘ ሐሳብ ውይይትም የለው፣ ክርክርም የለው። ኢዞላ ስድብ ጠብቃ ነበር፤ ለስድብ መልስ አዘጋጅታለች። ለዝምታ ግን አልተዘጋጀችም። ቤቷ ስትደርስ ቨርዴል በረንዳው ላይ ምርኩዟን ይዛ ትጠብቃታለች።

«ምን አሉሽ?»

«ምንም አላሉኝም» አለችና ቦርሳዋን ጣለች። «ቨርዴል፣ ምንም አላሉኝም።»

ምክር ቤቱ በወር ሁለት ሰኞ ይሰበሰባል። በሁለተኛው ሰኞም ያንኑ ሐሳብ፣ በዚያው ቃል አቀረበች። ወደቀ። በሦስተኛውም፣ በአምስተኛውም፣ በዘጠነኛውም እንደዚያው። የትራክተር ነጋዴው ስትነሳ መሳቅ ጀመረ። ሰብሳቢው ወንዶቹን «ሚስተር» እያለ ይጠራና ወደ እሷ ሲዞር «እሺ ኢዞላ፣ ነገርሽን ተናገሪ» ይላታል። ለእናቷም፣ ለአያቷም ማዕረግ ተነፍጎ ነው የኖረው፤ በዚህ አገር ጥቁር ሴት ለነጭ ሁልጊዜ «አንቺ» ናት። አንድ ሰኞ ግን ኢዞላ ረጋ ብላ በጠረጴዛው ላይ ጎንበስ አለች።

«ሮይስ፣ እስቲ ውኃውን አቀብለኝ።»

 የሃዳዌይ ፊት እንደ ቲማቲም ቀላ።

«ምን አልሽኝ?»

«ኢዞላ ስትለኝ እኮ እዚህ ቤት ሁላችንም በስማችን ብቻ የምንጠራራ መስሎኝ ነው። ካልሆነ ንገረኝና አስተካክላለሁ።»

ከኋላ ከተቀመጡት ሰዎች መሃል አንዱ ሳቁን ሊውጥ ሲል ትን አለው። በሚቀጥለው ሰኞ ሃዳዌይ ጉሮሮውን ጠራርጎ «ሚስስ ግሪየር፣ መድረኩ የእርስዎ ነው» አለ። ቃለ ጉባኤ ጸሐፊዋ እስክሪብቶዋን አቁማ ቀና ብላ አየችው።

ወሬው ሎንግ ቦተም ሲደርስ ሰው ስብሰባውን ለማየት ይመጣ ጀመር። በመጀመሪያ አምስት፣ ከዚያ ሃያ፣ ከዚያ ወንበሩ ሞልቶ ቆመው። ተመልካች መናገር ክልክል ነው። ቨርዴል ግን ደንቡን አስነብባ አዳመጠችና «መናገር ክልክል ነው ይላል እንጂ መቆም ክልክል ነው አይልም» አለች። ከዚያ ወዲህ ሃዳዌይ «ደጋፊ አለ?» ባለ ቁጥር ተመልካቹ በሙሉ፣ ያለ አንድ ቃል፣ ብድግ ይላል፤ ከኋላው ረድፍ ሮዜታ ማብሪም አብራ። ቨርዴል በአንድ እጇ ምርኩዟን ተመርኩዛ ከሁሉ ቀድማ ትነሳለች፣ ከሁሉ በኋላ ትቀመጣለች። «ሐሳቡ ወድቋል» የሚለው የሃዳዌይ ድምፅ ከሰኞ ወደ ሰኞ እየቀነሰ ሄደ።

አንድ ቀን ከስብሰባ በኋላ ኮሪደር ላይ ጠበቃት። ሲፈልግ ጣፋጭ ሰው ነው።

«ሚስስ ግሪየር፣ ሰው ሁሉ በጭቃው መማረሩን አውቃለሁ። አስፋልቱ ካለቀበት እስከ እርስዎ በር ድረስ ጥሩ ጠጠር ላስነጥፍ እችላለሁ። በዚህ ወር። ደንበኞችዎ ጫማቸው አይቆሽሽም። እርስዎ ደግሞ ይሄን ነገር ይተዉልናል።»

እውነት ለመናገር የኢዞላ ልብ ተመኘው። ሃያ ዓመት ሙሉ ጭቃ ስትጠርግ ኖራለች።

«ከእኔ በር ወዲያ ያሉትስ?» አለችው።

«እዚያ ምን አለና?»

«የመረጡኝ ሰዎች ናቸዋ» ብላ ቦርሳዋን አንስታ ሄደች።

ቤት ስትደርስ ለኤልሞር ነገረችው። «ጠጠሩ ነጭ ነው ወይስ ግራጫ?» አላት። ሳትስቅበት ቀረች፤ ያን ሰሞን በጣም ደክሟት ነበር። ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው፤ ሐሳቡ ሠላሳ ስምንት ጊዜ ወድቋል። እርግፍ አድርጋ ልትተወው ከአንድም ሁለት ጊዜ አስባለች።

የምክር ቤት አባል የድሮ ቃለ ጉባኤዎችን ማየት ይችላል። ኢዞላ ሰኞ ሰኞ ቀደም ብላ እየሄደች ምድር ቤቱ ውስጥ ታነብ ነበር። እዚያ ነው የአልተን ቲድሞርን ስም ያገኘችው። ሳንድ ፎርክ የሚባለው የእንጨት ድልድይ እንዲጠገን ጠይቋል፤ ለሌላ ጊዜ ይተላለፍ ተብሏል። እንደገና ጠይቋል፤ ተላልፏል። ስድስት ዓመት። በኋላ መጠየቁን ትቷል።

በማግስቱ ኤልሞር በፒክአፑ ወሰዳት። መጀመሪያ ድልድዩን አየችው፤ ጣውላው በስብሶ ውኃው ከታች ይታያል። ከዚያ ቲድሞር ግቢ ደረሱ። ሰውየው ባልዲ ይዞ ከላሞቹ ቤት ሲወጣ አያትና ቆመ።

«ሚስተር ቲድሞር፣ ስለ ሳንድ ፎርክ ነው የመጣሁት። ሰኞ ያንሱት። እኔ እደግፋለሁ።»

ባልዲውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። «እኔም የእርስዎን እንድደግፍ ነው?»

«እንደዚያ አልወጣኝም። ድልድዩን አሁን አየሁት። የተማሪ አውቶቡስ ነው የሚያልፍበት፤ አንድ ቀን ይደረመሳል። ሐሳብዎ ትክክል ስለሆነ ነው የምደግፈው።»

«ሮይስ አይወደውም።»

«ሮይስ የሚወደው ነገር እስካሁን አልገጠመኝም።»

ቲድሞር ፊቱ ላይ የሆነ ነገር እንደ ፈገግታ ቢጤ መጣና ጠፋ። ሰኞ ሐሳቡን አነሳ፤ ኢዞላ ደገፈች። ሁለት ለሁለት ሆነ፤ ሃዳዌይ ተቃወመና ወደቀ። ከዚያ የእሷ ተራ ደረሰ። «ደጋፊ አለ?» ሕዝቡ ቆመ። ቲድሞር ባርኔጣውን አየ።

ቨርዴል መኪናው ውስጥ በንዴት ተንተከተከች። «ይሄ የወተት ቅራሪ! ምላሱን ላም በላችው? አንቺስ ምን ሞኝ ብትሆኚ ነው!»

«ላም የሚያልብ ሰው እኮ አይቸኩልም። ተዉት» አለ ኤልሞር ከመሪው ላይ ዓይኑን ሳያነሳ።

ሌላ ሰኞ አለፈ፤ ሌላም። አርባ ሁለተኛው ሰኞ ጥቅምት ላይ ዋለ፤ ዝናብ ይጥል ነበር፤ ተመልካቹ እርጥብ ካፖርቱን እንደለበሰ ቆሟል። «ደጋፊ አለ?» አለ ሃዳዌይ፣ ወደ ቀጣዩ ገጽ እየገለጠ።

«እደግፋለሁ።»

ጸሐፊዋ ቀና አለች። «ይቅርታ፣ አልሰማሁም።»

«እደግፋለሁ ነው የምልሽ!» ብሎ ጮኸ ቲድሞር። ጩኸቱ ራሱንም አስደነገጠው።

የቆመው ሕዝብ ይቀመጥ ወይ ይቁም ጠፋው። ደንቡ አሁን ውይይት ይፈቅዳል፤ ተናጋሪም ይፈቅዳል። ቨርዴል ሳይክስ በምርኩዟ መድረኩ ጋ ደረሰችና በዚያ በተጣመመ አፏ ተናገረች። አምቡላንሱን፣ በሩን፣ ስድስቱን ወንዶች ተረከች። አንድም ቀልድ አልጨመረችም። «አንድ ሰዓት ነው የጠየቅናችሁ» ብላ የሞተ እጇን በደህናው እጇ አንስታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። የትራክተር ነጋዴው ዓይኑን የሚያሳርፍበት አጣ።

ሁለት ለሁለት ሆነ። ሃዳዌይ ተቃወመ። ሐሳቡ ወደቀ።

ግን ያን ቀን ሎንግ ቦተም የተመለሰው ሕዝብ የተሸነፈ አይመስልም ነበር። የተናገሩት ሁሉ ተጽፏል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ መልስ ተሰጥቷቸዋል፣ መልሱ እምቢታ ቢሆንም። ቲድሞር ግን ዋጋውን ከፈለ፤ ከዚያ ወዲህ ለወራት ከተማ ሲወጣ ሰላም የሚለው ጎረቤት አልነበረም። ኢዞላ ሰኞ ሰኞ ከጎኑ ስትቀመጥ «እንደምን ሰነበቱ» ትለዋለች፤ እሱም «ደህና» ይላል። ወዳጅነታቸው ከዚያ አልፎ አያውቅም።

በዚያ ሳምንት ቅዳሜ ሮዜታ ማብሪ በፊት ለፊት በር ገባች። ጎልማሳ ሆናለች፣ ሽበት ጣል ጣል አድርጎባታል።

«ሚስ ኢዞላ፣ የትራክተር ነጋዴው ወንበር ከሁለት ዓመት በኋላ ለምርጫ ይቀርባል» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ከሥራ ቢያባርሩኝስ?»

ኢዞላ ማበጠሪያውን አስቀመጠች። «ያባርሩሽ ይሆናል፣ የኔ ልጅ። ኤልሞርን አባረውታል። አልዋሽሽም።»

ሮዜታ ካስኩ ውስጥ ገብታ አርባ ደቂቃ ተቀመጠች። ስትወጣ «እሺ» አለች።

አላባረሯትም፤ ያስተማረቻቸው ልጆች አድገው መራጭ ሆነው ነበርና በ1980 በሰፊ ድምፅ አስገቧት። በመጀመሪያው ሰኞ ኢዞላ ተነስታ ሐሳቧን እንደ ወትሮው በዚያው ቃል አቀረበች።

«እደግፋለሁ!»

«ሚስ ማብሪ፣ ገና አልጠየቅሁም እኮ» አለ ሃዳዌይ።

«ይጠይቁ እንግዲህ፣ እጠብቃለሁ።»

ሦስት ለአንድ አለፈ። ሳንድ ፎርክም በዚያው ቀን አለፈ። በጋው ሳያልቅ የአስፋልቱ ሽታ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደረሰ። መንገዱ በተከፈተ ቀን ቨርዴል ከፊት ተቀምጣ ኤልሞርን «ንዳው! ምን ትንቀራፈፋለህ፣ ንዳው!» እያለች ፒክአፑን አስበረረችው። አዲሱ ድልድይ ጋ ፖሊስ አስቆማቸው።

«ምን ያስቸኩላችኋል?»

«ሐኪም ቤት አሥር ዓመት ዘግይቻለሁ!» አለችው ቨርዴል።

ወጣቱ ፖሊስ አልገባውም፤ የታመመች መስሎት ከፊት ከፊት እየመራ ከተማ አደረሳቸው።

ኢዞላ እስከ 1988 ምክር ቤት ተቀመጠች። ከዚያ እግሯ ማበጥ ሲጀምር ተወችው። በሚቀጥለው ዓመት ሮዜታ ማብሪ ሰብሳቢ ሆነች፤ ከአራቱ አባላት ሦስቱ ጥቁሮች ነበሩ። ኢዞላ የመጀመሪያውን ስብሰባ ለማየት ከተመልካች ጋር ተቀመጠች። አዲስ የገባው ነጭ አባል ተነስቶ በፍርድ ቤቱ ግቢ ያለው ትልቅ ዛፍ ተቆርጦ መኪና ማቆሚያ ይሠራበት አለ። «ደጋፊ አለ?» አለች ሮዜታ። ዝም። «ደጋፊ ስለሌለ ሐሳቡ ወድቋል።» አባላቱ እርስ በርስ ተያይተው ፈገግ አሉ።

ኢዞላ ስብሰባው እስኪያልቅ ጠብቃ ሮዜታን ቢሮዋ ገብታ አገኘቻት።

«ያን ሰው ለምን አላናገራችሁትም?»

«ሚስ ኢዞላ! ዛፉ ይቆረጥ እኮ ነው የሚለው! ይሄን ጅልነት ማን ይደግፋል?»

«ጅልነት ነው። ይናገረውና ጅልነቱን እንስማው፤ ከዚያ ተቃወሙት። እኔ አርባ አንድ ጊዜ ዝም ስባል አንቺ ከኋላዬ ቆመሽ ነበር። የተማርሽው ይሄን ነው?»

 የሮዜታ ፊት እንደዚያች በጓሮ በር ትገባ እንደነበረችው ልጅ ሆነ። በሚቀጥለው ወር ማንኛውም አባል የሚያቀርበው ሐሳብ ደጋፊ ባያገኝም ቢያንስ አንድ ጊዜ እንዲሰማ የሚል ደንብ አስወጣች። ዛፉ አልተቆረጠም፤ ሰውየው ግን ሃያ ደቂቃ ሙሉ ተናገረ፤ ኢዞላም ከኋላ ተቀምጣ እስከ መጨረሻው አዳመጠችው።

ጣቶቿ ማበጠሪያ መያዝ እምቢ እስኪሏት ጸጉር ሠራች። በሰባ ስምንት ዓመቷ፣ አንድ የመስከረም ጠዋት፣ ፒክአፑን ኤልሞር ሲያሞቅ ስትጠብቅ በረንዳው ወንበር ላይ አረፈች። ከሞንትጎመሪ አንድ ጋዜጠኛ መጥቶ ኤልሞርን አነጋገረው። ባለቤትዎ እንዴት ያለች ሰው ነበረች፣ ታጋይ ነበረች፣ ጀግና ነበረች ይላሉ፣ እርስዎ ምን ይላሉ አለው።



«ቸኩላ አታውቅም» አለ ኤልሞር። «ደጋፊ እስክታገኝ ስትጠብቅ ስንት እራት አሳርራብኛለች መሰለህ። ተቀመጥ እስቲ፣ ምሳ ሳትበላ አትሄድም።»